ሳልመዝን የሰበርኩት ትራንዚስተር

ነቀምቴ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ሱቄ በር ሥር አንድ ወፍራም ብረት ተቀምጧል። ድሮ የጭነት መኪና አካል ነበረ፤ ከየትኛው ክፍሉ እንደተቆረጠ ግን አላውቅም። ፊቱ በመዶሻ ምት ተቦዳድሷል። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ትራንዚስተር የሞተበት ቦታ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል፣ ከዚህ እስከ ጊምቢ፣ ከዚህ እስከ ቢላ፣ አምፕሊፋየር የሚጠግን ሰው ሁሉ መለዋወጫ የሚገዛው እኔ እዚያ ብረት ላይ ሰብሬ ካየሁለት በኋላ ነበር። ጉራ ነው የሚል ይኖራል። ይበል። የሠራሁትን ሥራ ራሴ ካልተናገርኩት ብረቱ አይናገርልኝም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ጉልበት ያለው ትራንዚስተር በምትባል ጥቁር ዕቃ ውስጥ ነው። የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታክል፣ ሦስት እግር ያላት፣ ጀርባዋ መዳብ የሆነ ዕቃ ናት። የምትሠራው ባሕር ማዶ ነው፤ እኛ ጋ የምትደርሰው በአዲስ አበባ መርካቶ በኩል ነው። ኦሪጅናሏ አንድ ናት፤ አስመስለው የሚሠሯት ግን ብዙ ናቸው። ከላይ ሲያዩዋቸው መንትዮች ይመስላሉ። የሚለዩት ዘማሪው "ሃሌሉያ" ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ኦሪጅናሏ ትሸከማለች፣ ፎርጅዷ ትጨሳለች።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አባቴ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም የመጣ ገበሬ ነበር፤ ሬዲዮ እንኳ አልነበረውም። የፈረንጅ ፊደል የለየሁት ካፓሲተር ከሚባል የሬዲዮ ዕቃ ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ የፈታሁት ሬዲዮ የጎረቤት ነበር፤ ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ ተገርፌበታለሁ። በሁለተኛው አልተገረፍኩም። በሦስተኛው ሰዎች ይከፍሉኝ ጀመር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ኮሌጅ የተማሩ ልጆች "ይሄን ከየት አወቁት?" ሲሉኝ "ካቃጠልኩት" እላቸዋለሁ።

የመስበሩንም ጥበብ ያገኘሁት በንዴት ነው። ኡኬ ከተማ ለሠርግ የሚፈለግ አምፕሊፋየር አንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ። ሦስቱንም ጊዜ አዲስ ትራንዚስተር ነበር የገጠምኩት። ሙሽራው በሰው ፊት "ኦቦ፣ ዘፈን ነው ያልኩህ እንጂ ጢስ አላልኩህም" አለኝ። አዋርዶኝ ሄደ። ሱቅ ተመልሼ አንዱን ትራንዚስተር ብረት ላይ አስቀምጬ በመዶሻ መታሁት። ጥቁሩ ፕላስቲክ ለሁለት ተከፈለ። መዳቡ ላይ የተጣበቀች አንዲት ፍሬ አየሁ። ከኑግ ፍሬ አትበልጥም። ከዚያ የድሮ ኦሪጅናል የነበረ፣ አርጅቶ የሞተ አንድ ትራንዚስተር ፈልጌ እሱንም ሰበርኩ። የሱ ፍሬ የሽንብራ ክክ ታክላለች። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። የበሬን ሸክም ለፍየል ጭነው ነበር የሚልኩልን።

መለዋወጫ የሚያመጣልን ነጋዴ ከሱቄ ሦስተኛው በር ላይ ነው። ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ነቀምቴ ላይ የሸመገለ፣ ኦሮምኛውን ከኔ አሳምሮ የሚናገር፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ካልሆነ ሱቁን የማይዘጋ ሰው ነው። ያገኘሁትን ሳሳየው ጭንቅላቱን ያዘ። "ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ተታልዬ ነው ያታለልኩዎት!" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት አበጀን። እሱ ከአዲስ አበባ ዕቃ ባመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጠጋኞቹ ሱቄ ይሰበሰባሉ። እኔ እመረምራለሁ። መጀመሪያ ጽሑፏን በዓይኔ አያለሁ። ቀጥሎ ቤንዚን በነካ ጨርቅ እጠርጋታለሁ፤ ቀለሟ ከለቀቀ ሐሰተኛ ናት። ሦስተኛ እመዝናታለሁ። አራተኛ ዓይኔን ጨፍኜ ከመካከል አንዷን አነሳና ብረቱ ላይ እሰብራታለሁ። ከሃያዋ አንዷ ትሞታለች፤ ስለ አሥራ ዘጠኙ ትመሰክራለች።

ሚዛኑን ልንገራችሁ። ወለጋ ወርቅ አገር ነው። አንድ ወርቅ ገዢ ወዳጄ ሥራውን ሲተው ትንሿን የነሐስ ሚዛኑን ሰጠኝ። በአንዱ ሳህን የታወቀች ኦሪጅናል አስቀምጣለሁ፤ በሌላው የተጠረጠረችውን። ኦሪጅናሏ ጀርባዋ ወፍራም መዳብ ስለሆነ ትከብዳለች። ሌቦች ጽሑፍ ይሰርቃሉ፣ መልክ ይሰርቃሉ፤ ክብደት ግን ዋጋ ስላለው አይሰጡም። ትራንዚስተር በወርቅ ሚዛን የመዘነ ሰው ከኔ በፊት ነበረ ቢሉኝ አላምንም።

ሰብሬ ካየሁ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ነው የምናገረው። "ዱጋ" ካልኩ እውነተኛ ነው፤ ይገዛሉ። "ሶባ" ካልኩ ውሸት ነው፤ ነጋዴው ጠቅልሎ ይመልሳል። በኦሮምኛ የምለው የቢላውም የኡኬውም ሰው እኩል እንዲሰማኝ ነው። ያቺ አንዲት ቃል ሀብቴ ነበረች። ቤት አልሠራሁም፣ መኪና የለኝም። ቃሌ ግን በምሥራቁም በምዕራቡም ወለጋ ይሠራ ነበር።

ከዚያ እሷ መጣች።

የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ቴክኒክ ኮሌጅ ተምራ፣ አዲስ አበባ ስልክና ቴሌቪዥን ስትጠግን ኖራ፣ አርባ ሊሞላት ሲል ተመልሳ ፊት ለፊቴ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቅ ከፈተች። በሯን ሰማያዊ ቀባችው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ቀና ስል የማየው ያን ሰማያዊ ነው። ሌላ ቀለም አጥታ ነው?

መጀመሪያ አልጠላኋትም። ሥራዋን ግን እከታተል ነበር። ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ እንዴት እንደነበር። የኔ ደንበኛ የነበረ አንድ መምህር ሬዲዮውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በኔ በር በኩል ሲያልፍ አየሁት። እኔ እንዳላየው አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር። ዞር ባይል ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ነጋዴው ዕቃ ማምጣቱን ሰማሁ። ብረቱን ጠርጌ፣ ሚዛኑን አቅንቼ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። በኋላ በሰማያዊው በር ሦስት ጠጋኞች ሲወጡ አየሁ። ነጋዴው ወደኔ ተሻግሮ በሬ ላይ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። እሷ ጋ እኮ ሳይሰበር ይታወቃል።"

"ሳይሰበር የሚታወቅ ነገር የለም። እንቁላል እንኳ ካልተሰበረ አይታወቅም።"

"እንቁላልማ ፀሐይ ላይ ይታያል!"

"እንግዲያው ፀሐይ ላይ ይዘህ ውጣ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሷ አንዲት መዳፍ የምትሞላ ማሽን ነበረቻት፤ ትራንዚስተሩን እግሩን ሰክተው ሲጫኗት መስታወቷ ላይ ጽሑፍና ቁጥር ታወጣለች። ለነጋዴው ደግሞ ትርፉ ግልጽ ነው። በኔ ሥርዓት ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ይሰበርበታል፤ በእሷ ሁሉም ይተርፍለታል። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም ጥሎኝ የሄደው። ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ፤ ክፉ ቢሆን እሰድበው ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ ፊቴን አየችና ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

"አርባ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር በኔ አንድ ቀን ቀንተህ አታውቅም" አለች። "ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ጠዋት ማታ ሰላም ሲለኝ እንኳ 'ደህና ሰው ነው' ትል ነበር። አሁን በስተርጅና በማሽን ትቀና?"

"በማሽን አይደለም።"

"በማን ነው ታዲያ?"

እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ራሴንም መልሼ አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን መንገዱን ተሻገርኩ። ኪሴ ውስጥ አንዲት ፎርጅድ ትራንዚስተር ይዤ ነበር። እህቶቿን ቀደም ሲል ሰብሬ ስላየሁ ፎርጅድ መሆኗን በሚገባ አውቃለሁ። ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

"አከም ጅርቱ ኦቦ! በእርስዎ እጅ ያልተሠራ ሬዲዮ በቤታችን አልነበረም። አባቴ ስምዎን ሳይጠራ አይውልም ነበር።"

እንዲህ ባትለኝ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ትራንዚስተሯን ሰጠኋት። "እስኪ ማሽንሽ ምን ትላለች?" አልኳት። ሰካችና ተጫነች። መስታወቷ በራ። እኔ መልቲሜትር በሚባለው መለኪያዬ ሩብ ሰዓት የምፈጅበትን ነገር ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ አወጣችው፤ የትኛው እግር ምን እንደሆነ፣ ኮረንቲውን ስንት እጥፍ እንደምታሳድግ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? ማሽኗ አማረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ዕቃ አማረኝ።

"ደህና ናት ኦቦ። ምንም የላትም" አለች።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አወቅሁ። አንዱ፣ ማሽኗ ትራንዚስተሩ ሕያው መሆኑን እንጂ ፍሬው ትልቅ ይሁን ትንሽ መለየት እንደማትችል ነው። የምትፈትነው በትንሽ ጉልበት ነው። ፍየልም በሬም ሣር ሲያዩ ይራመዳሉ፤ የሚለያቸው ሸክሙ ነው። ሁለተኛው፣ እሷ ይህን እንደማታውቅ ነው። አዲስ አበባ የለመደችው የስልክና የቴሌቪዥን ሥራ ነው፤ የትልቅ ማጉያ ሸክም አልለመደችም።

"ገለቶሚ" ብዬ አመስግኛት ወጣሁ። አልነገርኳትም። ትራንዚስተሯን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። መንገዱን ስሻገር እግሬ ቀሎኝ ነበር። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የጠበቅሁት ደረሰ። ሁለት ዘማሪዎች አንድ ከባድ አምፕሊፋየር ግራና ቀኝ ይዘው፣ ዝናቡ እየደበደባቸው፣ በሰማያዊው በር ሲገቡ አየሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተጠግኖ ሲወጣም አይቼ ነበር። የተቃጠለው በአምልኮ መካከል ነው፤ ጢሱን አይተው ምዕመናን ወንበር ለቀው ተነስተዋል ተባለ። እሷ በራሷ ወጪ ሌላ ገጠመችላቸው። በማግስቱ ወደኔ መጣች። የመጀመሪያዋ ነበር። በሬ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ታሻለች።

"አባ ኮ" አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው። "ዕቃውን አንድ በአንድ ፈትሼ ነው የገጠምኩት። ሁሉም ደህና ነበሩ። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

ብረቱ ከእግሯ ሥር ነበረ። መዶሻው በእጄ ርቀት ላይ ነበረ። "የመብራቱ ነገር ይሆናል፤ ሲመጣ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው" አልኳት።

አመነችኝ። አመስግናኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አንድ ቅዳሜ ነው መጻፍ የፈለግሁት። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤዎች የሚበዙበት ወቅት ደርሶ ነበር። ነጋዴው ሃያ ትራንዚስተር አመጣ። ከቢላ ደግሞ አንድ የድሮ ወዳጄ መጥቷል፤ እሱም ጠጋኝ ነው፤ ስምንቱን ገዝቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ቸኩሏል። ነገር የማያመልጠው፣ አፉ እንደ ካውያ የሚፈጅ ሰው ነው። ነጋዴው ተሻግሮ ጠራኝ። "ጋሼ፣ ይምጡና ዓይንዎን ያሳርፉበት። ባይሰበርም ምርቃትዎ አይቅር።"

ለምርቃት ነው የተጠራሁት! እኔ! ኮቴን ለብሼ መዶሻዬን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ሚዛኑን አልያዝኩም። ለምን አልያዝኩም? እሷ ጠረጴዛ ላይ ላኖረው አልፈለግሁም።

ስደርስ ሃያውን ፈትሻ በረድፍ ደርድራቸዋለች። "ሁሉም ደህና ናቸው" አለች። አንዱን አነሳሁ። ጽሑፉ ደብዛዛ ነው። እኔ የማውቀው ኦሪጅናል ነጭ፣ ደማቅ ጽሑፍ ያለው ነው፤ ይሄኛው ግራጫ፣ አዘንብለው ካላዩት የማይነበብ ነው። በጨርቅ ጠረግሁት። ምንም አልለቀቀም። በብርሃን ተቀርጾ የሚጻፍ አዲስ ዓይነት እንደወጣ ሰምቼ ነበር፤ የሱ ጽሑፍ ደብዛዛ እንደሆነም አውቃለሁ። አውቅ ነበር! መዳፌ ውስጥ ሲቀመጥም ክብደቱ ተሰምቶኛል። ግን ማሽኗ "ደህና" ብላ ነበር፤ ማሽኗ ደግሞ እንደምትሳሳት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዛሬም ተሳስታ እንድትገኝ ፈለግሁ። ከሁለት ወር በላይ በኪሴ ይዤው የዞርኩት ቀን ዛሬ ነው አልኩ።

"ሶባ" አልኩ።

መጀመሪያ የተነፈሰው የቢላው ሰው ነው። "አንተ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ! ሳትመዝን? ድሮ እኮ አንተ ስትፈርድ አንድ ሰው ቢላ ሄዶ ይመለስ ነበር!"

"ዓይኔ ይበቃል።"

ነጋዴው ፊቱ ጠቆረ። "ጋሼ፣ እሷ ደህና ብላለች።"

"እንግዲያው ይሰበርና ይታይ" አልኩ። የምጠብቀው ይህንኑ ነበር።

እሷን አየኋት። አልተቆጣችም። "ይሰበር" አለች። "እኔም ባውቅ ደስ ይለኛል።"

የቢላው ሰው ብረቱን ከሱቄ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጥ "ይሄ ብረት ከነኃጢአትህ ነው እንዴ የሚመዘነው?" እያለ ወገቡን ያዘ። ከመንገድ አላፊዎች ጭምር ተሰበሰቡ። ዓይኔን ጨፍኜ አንዷን አነሳሁ። ብረቱ ላይ በጎኗ አቆምኳት። አንድ ጊዜ መታሁ። እጄ አሁንም ልክ ነው፤ ፕላስቲኩ በአንድ ምት ተላቀቀ። መዳቡን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

ፍሬዋ የሽንብራ ክክ ታክላለች። ጠርዟ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የምታምር ኦሪጅናል ነበረች።

አውራ ጣቴን ፍሬዋ ላይ አኖርኩ።

ማንም አላየም። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት፤ ሠላሳ ዓመት የለመዱት የኔን አፍ መጠበቅ ነው። ጣቴ ሥር ፍሬዋ ትንሽ ትወጋኛለች። አንድ ጊዜ "ሶባ" ብዬ ነበር። አሁን ሁለተኛ "ሶባ" ብልና መዳቡን ወደ ኪሴ ብከት፣ ነጋዴው ሃያውን ጠቅልሎ ይመልሳል፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ብረቱ ወደ ቦታው፣ ሰውም ወደ በሬ ይመለሳል። ማሽኗ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ያውም አስቀድሜ ያልኳት ቃል።

እውነቱን ልናገር፤ ያገደኝ ለእሷ ማዘን አልነበረም። በዚያች ደቂቃ አላዘንኩላትም። ያገደኝ ብረቱ ነው። ያ ሁሉ ጉድጓድ እያንዳንዱ እውነት የተነገረበት ነው። ስሳሳትም ተሳሳትኩ ብዬበታለሁ። እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብዋሽ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉም ይዋሻል። እሷ የምትቀማኝ ወደፊት ያለውን ነው። ያለፈውን የምቀማው ግን ራሴ ነኝ።

ጣቴን አነሳሁ።

"ዱጋ" አልኩ። "ኦሪጅናል ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

የቢላው ሰው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። "ጎበዝ! ዛሬ የተሰበረው ትራንዚስተሩ አይደለም፣ ጃርሳው ነው!"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴውም ሳቀ፤ የሱ ሳቅ የመገላገል ነበር። እሷ አልሳቀችም። "ኦቦ፣ ዓይንዎ እንዲህ አይሳሳትም" አለች። "ለምን ሶባ አሉ?"

ዓይኔ አልተሳሳተም ነበር። ይህን አሁንም እናገራለሁ፤ ዓይኔ አይቶ ነበር፣ መዳፌም መዝኖ ነበር። የፈረደው ሌላ ነገር ነው። ያን ግን በሰው ፊት እንዴት እላለሁ? እጄን ኪሴ ከተትኩና ያችን ፎርጅድ አወጣሁ።

"ይቺን ታውቂያታለሽ? ደህና ናት ብለሽኝ ነበር።"

ብረቱ ላይ አኑሬ ሰበርኳት። ከሽንብራ ክኳ አጠገብ የኑግ ፍሬዋን አስቀመጥኩላት። ሁለቱን ጎን ለጎን አየች። ማሽኗን አየች። ብልህ ናት፤ ሁለት ጊዜ መናገር አላስፈለገኝም።

"የቤተ ክርስቲያኑ..." አለች።

"መብራት አይደለም" አልኳት።

"ያኔ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

በዕድሜዬ የቢላው ሰው ቀልድ ሲያልቅበት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ጥቁር ስብርባሪ በእጇ ጠርጋ ሰበሰበች። ቀስ ብላ ነበር የምትሰበስበው።

"እኔ እኮ አባ ኮ ብዬ ነበር የጠየቅሁዎት" አለች።

ብትጮህብኝ እጮህባት ነበር። ብረቱን ራሴ ተሸክሜ መንገዱን ተሻገርኩ። ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋብኝ፣ ወገቤ እየተሰነጠቀ፣ ማንንም አግዙኝ ሳልል።

ከዚያ ሦስት ቅዳሜ ማንም አልጠራኝም። ሚስቴ ሁሉንም ከገበያ ሰምታ መጥታ ነበር። ሳታሾፍብኝ ቀረች፤ ምን ያህል እንደከፋ ያወቅሁት በዚያ ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሰማያዊውን በር እያየሁ የጉቶ ጊዳ ገበሬዎች የሚያመጡትን የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሰው ሲገባላት እቆጥራለሁ። መቁጠሬን ለመተው ሞክሬ አልቻልኩም።

በአራተኛው ቅዳሜ እሷ በሬ ላይ ቆመች። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

"ሚዛኑን ያውሱኝ" አለች።

እኔን አላለችም፤ ሚዛኑን ነው ያለችው። ገባኝ። ዝም ብዬ ብሰጣት ጨዋነት ነበር። አልሰጠኋትም።

"ሚዛኑ ብቻውን አይሄድም" አልኳት።

ብረቱን አየችው። "እንግዲያው ይዘውት ይምጡ። ብረቱንም።"

አሁን ሥርዓቱ ይህ ነው። ነጋዴው ዕቃ ባመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሰማያዊው በር እንሰበሰባለን። እሷ ሃያውን በማሽኗ ትፈትሻለች፣ ቁጥሩንም በደብተር ትጽፋለች። እኔ ሃያውን በወርቅ ሚዛን እመዝናለሁ፣ እሷ ያንንም ትጽፋለች። ነጋዴው ከሃያው አንዱ ስለሚሰበርበት ያጉረመርማል፤ ከቀድሞው ግን ያነሰ ነው። ቃሏን የምናገረው አሁንም እኔ ነኝ። መዶሻውም በኔ እጅ ነው። የቢላው ሰው ሲመጣ "ጃርሳው ተጠግኗል!" እያለ ይገባል።

የሚሰበረውን የምትመርጠው ግን እሷ ናት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማነሳው፤ ያ ፍትሕ ይመስለኝ ነበር። እሷ ደብተሯን ታያለች። በማሽኑ ቁጥሩ ዝቅ ያለውን፣ በሚዛኑም የቀለለውን ፈልጋ፣ በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ብረቱ ታስጠጋልኛለች። ከመካከል የገባ አንድ ሌባ ቢኖር በጨፈነ ዓይን ያመልጣል፤ በእሷ አያመልጥም። "ይቺኛዋን" ትላለች፤ እኔ እመታለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን አላሰብኩትም። ቀላል ነገር ነበር፣ ከፊቴ ነበር፣ ሚዛኑም የኔ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እንደዚያ ባስጠጋችልኝ ጊዜ መዶሻውን አንስቼ ትንሽ ቆየሁ። "ምነው ኦቦ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። በእሷ ቀንቼ ነበር፤ በማሽኗ አይደለም። አሁን ይህን ስጽፍም እቀናለሁ።